ያየሁትና የተናገርኩት

መስከረም 9 ቀን 1999፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሐምራዊ ጃኬት አለበሱኝ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ። ደረቱ ላይ «ፀዳል፣ በጎ ፈቃደኛ» ይላል። «ሲስተር» የሚል የለበትም። ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት ሜትረን፣ የነርሶች አለቃና የነርስ ተማሪዎች አስተማሪ። እዚህ አገር ግን ዲፕሎማዬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ነው። ስለዚህ እዚሁ አውሮራ ከተማ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ገብቼ የነርስ ረዳት ኮርስ እማራለሁ። ኮርሱ አርባ ሰዓት ሆስፒታል ውስጥ በነጻ ማገልገልን ይጠይቃል። አርባው ሰዓት ካልተፈረመልኝ ለመጨረሻው ፈተና አልቀመጥም። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ ደብተር ይጠፋል።

የበጎ ፈቃደኛው መመሪያ አራት ገጽ ነው። አራቱም ገጽ «አይቻልም» ነው። በሽተኛ መንካት አይቻልም። ውኃ መስጠት አይቻልም። የሕክምና ነገር ማስተርጐም አይቻልም፤ ለእሱ የስልክ አስተርጓሚ አለ። የሚቻለው ብርድ ልብስ ማሞቅ፣ ቤተሰብ ወደ ማረፊያ ክፍል ማድረስና ፈገግ ማለት ነው። ፈገግታው ሁለት ቦታ ተጽፏል።

የተመደብኩት ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጁ በሽተኞች ያሉበት ክፍል ነው። አንሶላ ሲያነጥፉ ቆሜ አየሁ። ማዕዘኑን እንደ ፌስታል ጠቅልለው ከፍራሹ ሥር ወሸቁት። ሚስ ኤክማን፣ የነርስ ትምህርት ቤታችን አስተዳዳሪ፣ የአንሶላውን እጥፋት በማስመሪያ ይለኩ ነበር። ግማሽ ጣት ከተዛነፈ አሥራ ሁለቱንም አልጋ አፍርሰን እንደገና እናነጥፋለን። ኃላፊዋ ነርስ፣ ዶና፣ ስመለከት አየችኝና «ሃኒ፣ ደክሞሽ ከሆነ ወንበር አለ» አለችኝ።

ሃኒ። የኔ ማር እንደ ማለት።

መስከረም 14፣ እሑድ

ከራሕማ ጋር አጠናሁ። አብራኝ የምትማር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ወላጆቿ የመርካቶ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ነውና ውኃ ሳትቀምስ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንብባ አንድ ጊዜ አላዛጋችም። በክፍሉ ውስጥ ደብተሯን በማስመሪያ የምታሰምር እሷ ብቻ ናት።

ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ደረስን። «ከቀዶ ሕክምና በፊት» ይላል። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«እትዬ ፀዳል፣ አያነቡትም?»

«አስተምሬዋለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በአፍ ምንም። ምን የሚነበብ አለው?»

«መጽሐፉ እኮ አዲስ እትም ነው።»

«ሆድ ግን አሮጌው እትም ነው» አልኳት። ሳቀች። ወደ ምዕራፍ አሥር አለፍን።

ማታ ጽጌረዳ፣ ልጄ፣ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «እማዬን ታውቂያት የለ፣ ሥራ ከሌላት ሰው ታርማለች።» ከዚያ ሳቅ። እኔ ስገባ «ምን ጎደለብሽ ብዬ እኮ ነው» ትለኛለች። ከጠዋት እስከ ማታ ማንም ምንም የማይጠይቀኝ ቤት ውስጥ እቀመጣለሁ። የጎደለኝ እሱ ነው። ብነግራት «ታዲያ እኔ ልጠይቅሽ» ትላለች።

መስከረም 23፣ ማክሰኞ

አንዲት ያገራችን ሰው ለቅድመ ምርመራ መጣች። እታለም ትባላለች፤ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር ትኖራለች። እንቅርት አላት። እንዲህ ያለ እንቅርት ካየሁ ሃያ ዓመት ይሆነኛል። በቀኝ በኩል ወርዶ ደረቷ ውስጥ ገብቷል፣ የአየር ቧንቧዋን ገፍቶታል። ስትናገር በየአራት ቃሉ ትተነፍሳለች።

«ስጋደም ሰው አንገቴ ላይ የቆመ ይመስለኛል፣ ሲስተር። ዓመት ሆነኝ ወንበር ላይ ስተኛ።»

ሲስተር አለችኝ። ማን ነገራት? አቋቋሜን አይታ ነው።

አብራት የመጣችው የባሏ እህት ሠርካዲስ ናት። ባልየው ትልቅ መኪና ይዞ ካሊፎርኒያ ይመላለሳል። ሠርካዲስ ጠና ያለች፣ ቃሏ የማያልቅ ሴት ናት። «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት የኛ ነገር ነው» አለችኝ። «እንቅርቱ አነሰና ኢንግሊዝኛው ተጨመረብን። ስልክ ውስጥ ያለውን ሰውዬ እንመነው?»

መመሪያውን ነገርኳት፤ እኔ ማስተርጐም አይፈቀድልኝም አልኳት። «ታዲያ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ።

 ጥያቄዋ ቀኑን ሙሉ አበሳጨኝ።

ቀዶው የዛሬ ሳምንት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ።

መስከረም 30፣ ማክሰኞ

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

እታለም በአሥራ ሁለት ሰዓት መጣች። ጋውን አለበሷት፣ አልጋ ሰባት ላይ ትራሱን ከፍ አድርገው አስቀመጧት። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን የሞቀ ብርድ ልብስ ይዤ መጋረጃውን ገለጥኩ። ሠርካዲስ አጠገቧ ቆማ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ጠርሙሱ ባዶ ነው። የእታለም አንገት እርጥብ ነበር፤ የጋውኑም አንገትጌ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

«ጠበል ነዋ» አለች ሠርካዲስ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«ዛሬ? አሁን?»

«እና መቼ? ተቆርጣ ካለቀች በኋላ?»

ሌላ አልጠየቅኩም። ቀጥ ብዬ ወደ ዶና ሄድኩ።

«አልጋ ሰባት ጠጥታለች» አልኳት።

«መቼ?»

«አሁን።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ጠርሙስ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ነበርኩ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሃኒ አላለችኝም።

የስልክ አስተርጓሚውን ደወሉ። ሰውየው «ከማታ ጀምሮ የበሉት ወይም የጠጡት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት። እታለም «ኧረ ምንም አልቀመስኩም» አለች። ዶና ወደ ቦርሳው ጠቆመች። «ጠርሙሱስ?» «እሱማ ጠበል ነው፤ ውኃ አይደለም።» የማደንዘዣው ሐኪም ኮፍያውን አወለቀ። እንዲህ ያለ አንገት ያለው ሰው ሆዱ ሳይጎድል ተኝቶ ቢያስመልሰው ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ አላደርገውም አለ። ትክክል ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላደርገውም።

ቀዶውን ሊሠራ የነበረው ሰርጅን ተቆጥቶ ሄደ።

እታለም ጋውኑን አውልቃ ቀሚሷን ለበሰች። ከኋላ ያለው ቁልፍ አልደረሰላትም፤ ልቆልፍላት ስጠጋ እጄን ያዘችኝ። «ሲስተር፣ ምን አሉ? ለምንድን ነው የማያደርጉልኝ?»

ማስተርጐም አይቻልም። ቁልፉን ቆልፌላት ወጣሁ።

ጥቅምት 1፣ ረቡዕ

ሕይወት አድኛለሁ። ዶና በክፍሉ ሁሉ ፊት ተናገረች፤ አጨበጨቡልኝ። ለጽጌረዳ ስነግራት «ጎበዝ እማዬ» አለችና ወደ ቴሌቪዥኗ ዞረች።

ይህ ሕዝብ መቼ ነው መመሪያ የሚያከብረው? ሐኪም «አትጠጪ» ካለ አትጠጪ ነው። ጠበል ነው፣ ውኃ አይደለም! ሆድ ውስጥ ሲገባ ምን ሊሆን ኖሯል? እኔም ጠበል እጠጣለሁ። ግን ሥርዓት አውቃለሁ።

አንገቷ እርጥብ እንደነበር ለዶና አልነገርኳትም። አልተጠየቅኩም።

ጥቅምት 5፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በርበሬ ልገዛ ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ያለው ያገራችን ሰው፣ ሰላሃዲን ሱቅ ገባሁ። ሠርካዲስ ተራ ይዛለች። ስታየኝ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ይኸው! ሐኪሟ መጡ። እንደምን ሰነበቱ? ማንን ሲያሳብቁ ሰነበቱ?»

ሱቅ ውስጥ ስምንት ሰው ነበር። ሁሉም ምስር ምስሩን ማየት ጀመረ።

«ያደረግኩት ለእሷ ነው» አልኩ። «ሆዷ ውኃ ሞልቶ ቢሆን ትሞት ነበር።»

«ውኃ ሞልቶ! ሦስት ጉንጭ ነው የጠጣችው። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ፤ ሦስት! ያውም ቤቷ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ጎረቤት ሳይነሣ። የቀረውን ሆስፒታል ይዤላት ሄጄ አንገቷን ቀባኋት። ጠበል እንዴት እንደሚደረግ አታውቂም? ወይስ ክርስትና አልተነሣሽም?»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» አንድ ትንፋሽ አልፈጀባትም። እኔን፣ ተማሪ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆምልኝን ሴት።

«እንዲያውም ልንገርሽ» አለች፣ «ሰርጅኑ አልቆርጣትም ብሏል። የምትዋሽ በሽተኛ አልቆርጥም ብሎ ለሌላ ሐኪም ጻፈላት። የሌላው ሐኪም ቀጠሮ የካቲት ነው። የካቲት ድረስ በየትኛው አየር?»

ሰላሃዲን ከመደርደሪያው ኋላ «እማማ፣ ይምጡ የርስዎን ላስቀድም፤ እትዬ ሠርካዲስ፣ በርበሬው ይበቃናል እባክዎ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ በርበሬውን ትቼ ወጣሁ። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ መጥቶ ነበር፤ አላየሁትም፣ አለፈኝ። ሁለት ማቆሚያ በእግሬ ሄድኩ።

ሦስት ጉንጭም መጠጣት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጠብታም መጠጣት ነው።

ጠርሙሱ ባዶ ነበር።

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

ብርድ ልብስ። ፈገግታ። አምስት ሰዓት ተፈረመልኝ፤ በጠቅላላው ሃያ አምስት።

ሁለት ነርሶች ስለ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ሲያወሩ «ሁለት ጊዜ ጠይቂው፣ የአልጋ ሰባቷን አስታውሺ» ተባባሉ። ቻርቷ፣ የሕክምና መዝገቧ፣ ላይ «ቃሏ አይታመንም» ተብሎ መጻፉን ያወቅኩት ከወሬያቸው ነው። እታለም ውሸታም አይደለችም። ደንታ ቢስ ናት እንጂ ውሸታም አይደለችም። ቃል በቦታው ይግባ።

ጥቅምት 10፣ ዓርብ

ስለ ጠበሉ ሳስብ ዋልኩ። ጠበልን ጠርሙስ ሙሉ የሚጠጣ ሰው ማን ነው? እናቴም ሦስት ጉንጭ ነበር የምታጠጣን። የቀረውን ግንባራችንን፣ ሆዳችንን።

ይህን መስከረም 30 አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

ብዙ ሥራ አለብኝ። ስለ ደም ግፊት አጠናሁ።

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ

በረዶ። አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ዘገየ። እርጥብ ካልሲ እንዳደረግኩ ለአጋማሽ ፈተና ተቀመጥኩ።

ሃያ አምስት ጥያቄ፤ ሃያ አራት አገኘሁ። የተሳሳትኩት ጥያቄ፦ ጤናማ ሆድ ያለው አዋቂ ሰው ከማደንዘዣ በፊት ንጹሕ ውኃ እስከ መቼ መጠጣት ይችላል? እኔ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ አይችልም» ላይ አከበብኩ። ቀይ መስመር።

መምህሩ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ክንዱ ላይ ዓሣ የተነቀሰ ልጅ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ተሳስተሃል» አልኩት።

«ምዕራፍ ዘጠኝ ነው» አለኝ በትሕትና። «ለማደንዘዣው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል። ደንቡ ከተለወጠ ሰባት ዓመት ሆነው። አላነበብሽውም?»

ትሕትናው ነው ያናደደኝ። ቢጮህብኝ እችል ነበር።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ምዕራፍ ዘጠኝ አሥራ አንድ ገጽ ነው። በሃያ ደቂቃ ይነበባል።

እታለም በሌሊቱ አሥር ሰዓት ጠጣች። ቀዶው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት። ሁለት ይበቃ ነበር። ባዶ ጠርሙስ አየሁ፣ እርጥብ አንገት አየሁ ብል ኖሮ ዶና በስልኩ «መቼ ጠጣሽ?» ብላ ታስጠይቃት ነበር፤ እታለም ትነግራታለች፤ በሁለት ሰዓት ወደ ቀዶው ትገባ ነበር። ይኸው ነው። እኔ ግን «አሁን» አልኩ። «አንድ ጠርሙስ» አልኩ። ስትጠጣ አላየሁም።

ከሰዓት ራሕማ ማስታወሻ ልትመልስልኝ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላ ሰው ቤት አልነበረም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ አዳመጠችኝ።

«እኔ ተማሪዎ ሆኜ እንዲህ ባደርግ ምን ያደርጉኝ ነበር?» አለችኝ።

«አስወጣሽ ነበር።»

«ከክፍል?»

«ከትምህርት ቤቱ።»

የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች። ውባየሁ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። የስድስት በሽተኛ ሙቀት ሳትለካ ሞልታ አገኘኋት። «ቴርሞሜትሩ ተሰብሮ ፈርቼ ነው» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። «ነርስ ያላየችውን አትጽፍም» ብዬ በዚያው ቀን ሸኘኋት። ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዚያ የት እንደደረሰች ጠይቄ አላውቅም። ይህን ለራሕማ አልነገርኳትም።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

ሃሎዊን የሚሉት በዓል ነው ብለው ነርሶቹ የማስመሰያ ልብስ ለብሰው መጡ። ዶና የድመት ጆሮ አድርጋለች። አንዱ ወንድ ነርስ የአጽም ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሶ ለቀዶ የሚገባ ሽማግሌ አልጋ ይገፋል። አጽም! ይህን አይቶ የተቆጣ የለም። እኔ ብቻ ነኝ እብዷ።

እነሱ ሲያወሩ ሰማሁ፦ ትናንት ማታ እታለም በአምቡላንስ ድንገተኛ ክፍል መጥታ ነበር። ጉንፋን ይዟት አየር አጠራት። ኦክስጅን ሰጥተው፣ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሰጥተው ጠዋት ሸኟት። ዶና በድመት ጆሮዋ ራሷን እየነቀነቀች «ምስኪን፤ ራሷ ባታበላሸው ኖሮ ቀዶው ካለቀላት ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር» አለች።

ራሷ።

ብርድ ልብስ ማሞቂያውን ከፍቼ ቆምኩ። ሙቀቱ ፊቴን እስኪያቃጥለኝ ድረስ።

ጥቅምት 24፣ ዓርብ

ሠላሳ አምስት ሰዓት ተፈርሞልኛል። አምስት ቀረኝ። አንድ ማክሰኞ።

ብናገር የበሽተኛ ነገር ውስጥ መግባቴ፣ በአማርኛ መጠየቄ፣ ያላየሁትን መናገሬ ይወጣል። ጃኬቱን ይወስዱታል። ሰዓቱ ካልሞላ ፈተና የለም፤ የሚቀጥለው ኮርስ ጥር ነው፤ አስወጡኝ ተብሎ ደግሞ ማን ሆስፒታል ይቀበለኛል?

ማክሰኞ አገልግዬ፣ አስፈርሜ፣ ከዚያ ለዶና እነግራታለሁ። አራት ቀን ምን ለውጥ አለው?

እታለም ወንበር ላይ የምታድረው አራት ሌሊት ነው ለውጡ።

ጥቅምት 28፣ ማክሰኞ

ካስፈረምኩ በኋላ እናገራለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። እውነቱ ይጻፍ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዶና አንዲት አዲስ በጎ ፈቃደኛ፣ የኮሌጅ ልጅ፣ ይዛ መጣች። «ከፀዳል ጋር ሁኚ» አለቻት። «ዓይኗ የንስር ነው። ባለፈው ወር ሕይወት ያዳነችው እሷ ናት።» ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችኝ።

የፈላ ውኃ ያፈሰሱብኝ ያህል ተናደድኩ። በዶና ላይ። ከዚያ ዶና ምን እንዳጠፋች ፈለግኩ፤ አጣሁ።

«ዶና፣ ስትጠጣ አላየሁም» አልኳት።

«ማንን?»

«አልጋ ሰባትን። እታለምን። ባዶ ጠርሙስና እርጥብ አንገት ነው ያየሁት። ቀሪውን ከራሴ ጨመርኩ። የጠጣችው ሦስት ጉንጭ ነው፣ ቤቷ፣ ከቀዶው አራት ሰዓት አስቀድማ። አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷን ላከቻት። በሩን ዘጋች። «ያኔ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬሽ ነበር» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«አዎ፤ የሥራ ዕድሜዬን ነገርኩሽ።»

 ከዚያ ለሰርጅኑም ለማደንዘዣው ሐኪምም እጽፋለሁ አለች። ቻርቱ ይታረም አልኩ። ቻርት ላይ የተጻፈ አይጠፋም፣ ከሥሩ ማስተካከያ ይጨመራል አለች። «እንግዲያው እንዲህ ብለሽ ጨምሪ» አልኳት፣ «የመሰከረችው በጎ ፈቃደኛ ስትጠጣ አላየችም። ‹ምናልባት› የሚል አታስገቢ።» ጻፈች። ስትጽፍ ቆሜ ጠበቅኩ። አራት ሰዓት ላይ የበጎ ፈቃደኞች ተቆጣጣሪ መጣች፤ ጃኬቱን አውልቄ በእጥፋቱ አጣጥፌ ሰጠኋት። ለዛሬው አልተፈረመልኝም።

ጽጌረዳ «ለአንድ ቀን ብለሽ? ዝም ብትይስ ማን ያውቅ ነበር?» አለችኝ። መለስኩላት፤ የመለስኩላትን አልጽፈውም።

ኅዳር 3፣ እሑድ

ካፒቶል ሂል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው። ሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። በየደረጃው ስለማመዳቸው ትንፋሼ አለቀና በሩ ሲከፈት አንዱም አልወጣም።

የከፈተችው ሠርካዲስ ናት። «ድንጋይ ተሸክመሽ ነበር መምጣት ያለብሽ» አለችኝ። ያገራችን ወግ ነው፤ በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ይለምናል።

«ሦስት ፎቅ ነው። ጉልበቴ ራሱ ድንጋይ ሆኗል» አልኳት።

ከውስጥ እታለም ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ፉጨት፤ ሁለታችንም ሮጥን። ወንበሯ ላይ ወደ ፊት ደገፍናት። ትራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በትራሱ ላይ ተደፍታ ነው የምትተኛው። ፉጨቱ እስኪያልፍ ድረስ ሠርካዲስ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

ለእታለም ነገርኳት። ምን እንዳየሁ፣ ምን እንዳልኩ፣ አሁን ምን እንደታረመ። ይቅርታ አልኩ። ጎንበስ ብዬ።

«እሱስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል፣ ሲስተር» አለች፣ በየአራት ቃሉ እየተነፈሰች። «ቀሚሴን ሲቆልፉልኝ ጠየቅኩዎ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩዎ። ዝም አሉኝ። ወር ሙሉ እሱን ነው የማስበው።»

መመሪያ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ሰርጅኑ ደውሏል፤ በስልኩ አስተርጓሚ በኩል ራሱ ይቅርታ ጠይቋታል። አዲሱ የቀዶ ቀን ኅዳር 13 ነው፤ ተርኪ በሚበሉበት በምስጋና በዓላቸው ዋዜማ። ሠርካዲስ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ፤ አልተሰናበተችኝም።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ጽጌረዳ ከሥራ ቀርታ አደረሰችኝ። በጎብኚዎች በር ገባሁ፤ ስሜን ወረቀት ላይ ጽፈው ደረቴ ላይ ለጠፉልኝ። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሠርካዲስ ሁለት ወንበር ይዛለች፤ አንዱ ላይ ካፖርቷን ዘርግታበታለች። ባልየው መንገድ ላይ በረዶ ይዞት ገና አልደረሰም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

በሁለት ሰዓት አስገቧት። እስከ አምስት ሰዓት ማንም አልመጣም። ሠርካዲስ መዝሙረ ዳዊቷን ታነባለች፤ ገጹን አትገልጥም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰርጅኑ ወጣ። የአስተርጓሚው ስልክ ሌላ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ነው። «ከእናንተ ውስጥ ኢንግሊዝኛ የሚችል አለ?» አለ። ሠርካዲስ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። አሁን ጃኬት የለብኝም፤ የሚከለክለኝ የለም። ቀስ ብሎ እንዲናገር ጠየቅኩት። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲል እኔ ያንኑ በአማርኛ አልኩ።

«እንቅርቱ በሙሉ ወጥቷል።»

«በራሷ ትተነፍሳለች።»

«የድምፅዋ ነርቭ ከእንቅርቱ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ለማላቀቅ ተቸግረናል። ድምፅዋ ይመለስ አይመለስ ገና አናውቅም።»

ሠርካዲስ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሰርጅኑ ሊሄድ ዞረ። እጄን አነሣሁ፣ እንደ ተማሪ።

«በመስከረም መጨረሻ ቢደረግ ኖሮ ይቀል ነበር?» አልኩት በኢንግሊዝኛ።

ጥቂት አሰበ። «ምናልባት» አለ። «ጉንፋኑ ከያዛት ወዲህ አብጦ ነበር። ማወቅ አይቻልም።»

ከሄደ በኋላ ሠርካዲስ «የመጨረሻው ምንድን ነው? ምን ተባባላችሁ?» አለችኝ።

ጥያቄዬንም መልሱንም ነገርኳት። «ምናልባት» የሚለውንም አልተውኩትም።

«ይህን ጠይቂ ማን አለሽ?»

«ማንም።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሊጮህ የተዘጋጀ ፊት ነበር፤ አወቅኩት፣ እኔም አለኝ። አልጮኸችም። ካፖርቷን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ተቀመጥኩ። እስኪጠሩን ድረስ ከጎኗ ጠበቅኩ።